ስሙን ያልጠራችው ዳቦ ጋጋሪ

ፍቅር ይዞት ዓይኑን አይቼ ሳላውቅበት የቀረ አንድም ሰው በመንደራችን በቢኑካዋን የለም። ጉራ እንዳይመስላችሁ። ጉራ ነው፣ ግን እውነተኛ ጉራ ነው። ትምህርቱን ስድስተኛ ክፍል ላይ ተውኩት እንጂ ዓይን ማንበብ አልተውኩም። የጤና ጣቢያዋ ነርስና የባለ ሦስት ጎማው ትራይሲክል ሹፌር ነገር ቄሱ ጆሮ ከመድረሱ በፊት እኔ ጋ ደርሷል። እነሱ ራሳቸው እንኳ ከእኔ ነው የሰሙት።

ስለዚህ የአክስቴ የቲታ ሃቲ ጉዳይ እጄ ላይ ሲወድቅ መንደሩ «እፎይ፣ ደህና እጅ ገባ» ማለት ነበረበት። አላለም። መንደራችን ምስጋና አያውቅበትም።

ቲታ ሃቲ የእናቴ ታናሽ ናት፤ ቲታ አክስት ማለት ነው። ሙሉ ስሟ ሉዋልሃቲ ነው፤ እንዲያ ብሎ የሚጠራት ግን የለም፤ ጠርቶ እስኪጨርስ እሷ ሌላ ቦታ ትደርሳለች። ለዓመታት የሰው ጀልባ ላይ ስታበስል፣ ሸራ ስትሰቅል፣ የፈረንጅ መልሕቅ ስትጎትት ኖረች። ከዕለታት አንድ ቀን ማዕበል አንዲት ባለ ሸራ ጀልባ አምጥቶ ድንጋዩ ላይ ወረወራት። ባለቤቱ ጎኗ ላይ ያለውን ቀዳዳ አይቶ፣ ቲታ ሃቲን አይቶ፣ «ከፈለግሽ ውሰጂያት» አለና አውሮፕላን ተሳፈረ። እሷም ወሰደቻት። ማሂንሂን ብላ ሰየመቻት፤ ጭምት ማለት ነው። ጭምቷ ሞተሯ ሲነሳ የመንደሩ ዶሮ በሙሉ ጫጩቱን ይሰበስባል።

ሐሳቧ ቀላል ነበር። አሚሃን፣ የሰሜን ምሥራቁ ነፋስ ማለት ነው፣ ሲጸና ብቻዋን ሸራዋን ዘርግታ ወደ ፓላዋን ደሴት፣ ከፓላዋን ወደ ቦርኔዮ፣ ከዚያ ባሕሩ እስኪያልቅ ድረስ መሄድ።

«ባሕሩ መቼ ነው የሚያልቀው ቲታ?» አልኳት።

«አያልቅም።»

«ታዲያ መቼ ትመለሻለሽ?»

«ዩሚ፣ ያንን ገመድ አቀብዪኝ።»

ከዚያ ሕይወቷን ማራገፍ ጀመረች። አልጋዋን ለእናቴ፣ ሞተር ሳይክሏን ለአጎቴ ልጅ፣ ትልቁን መስታወት ለነርሷ፣ ድመቷን ለእኔ ሰጠች። ድመቷ በእኔ አልተስማማችም፤ ራሷ ሄዳ ዳቦ ቤቱ ገባች። አንዲት ሴት ቤቷን እንዲህ ካራገፈች ወይ ሞታለች፣ ወይ አግብታለች ይባላል። ቲታ ሃቲ ሁለቱንም ስላላደረገች መንደሩ ምን ብሎ እንደሚያማት ቸገረው።

አሁን ወደ ሰውየው እንምጣ። እንደማፍር አታስቡ፤ በደንብ ነው የምናገረው።

ዳቦ ቤቱ የአሊንግ ፑሪታ ነው፤ አሊንግ እንደ እትዬ ነው። ጡብ የለበሰ ብቸኛው ቤት የእሳቸው ነው፤ ሲናገሩም እንደ ጡብ ነው። አንድ ልጅ አላቸው። መንደሩ ሁሉ «ኩያ ፑቶክ» ይለዋል፤ ኩያው ለማንኛውም ወንድ የሚባል ማክበሪያ ነው። ፑቶክ አናቱ የተሰነጠቀ ጠንካራ ዳቦ ነው፤ በእኛ ቋንቋ ግን የብብት ሽታም ፑቶክ ይባላል። ልጅ ሳለሁ ዳቦ ልገዛ ሄጄ ሰልፍ ላይ «ኩያ፣ ፑቶክ!» ብዬ ጮህኩ። እኔ ዳቦውን ማለቴ ነበር። ሰልፉ ግን ሌላውን ሰማ፣ ሳቀ፤ ያ ሳቅ እስከ ዛሬ አላለቀም። ሰውየው ከዱቄትና ከቅቤ በቀር ሸትቶ አያውቅም። ስም ግን እንዲህ ነው፤ አንዴ ከተለጠፈ በሳሙና አይለቅም። ዛሬ የክርስትና ስሙን የሚያውቅ የለም፤ እናቱ እንኳ «አንተ!» ነው የሚሉት።

ኩያ ፑቶክ ቲታ ሃቲን ወደዳት። ማን አወቀ? እኔ። እንዴት? በብርጭቆ ወረቀት።

እኛ ዘንድ የድሮ ሰው ሴት ሲወድ አይናገርም፤ ያገለግላል። ለቤቷ እንጨት ይፈልጣል፣ ውሃ ይቀዳል፣ አንድ ሰው እስኪያዝንለት ድረስ። ቲታ ሃቲ የሚፈለጥላት እንጨት የላትም፣ ጀልባ ነው ያላት። ስለዚህ ኩያ ፑቶክ በየማለዳው የመጀመሪያውን ዳቦ ከምድጃ ሲያወጣ፣ ትኩሱን በጨርቅ ጠቅልሎ ይመጣና የብርጭቆ ወረቀት አንስቶ የጀልባዋን ሆድ ይፍቅ ነበር። ሽህህ፣ ሽህህ፣ ሽህህ። ክንዱ ላይ የዳቦ ዱቄት፣ ፀጉሩ ላይ የቀለም ብናኝ፤ ከሩቅ ሲታይ መንፈስ ይመስላል።

ወሬያቸውን ብትሰሙት ትታመሙ ነበር።

«ኩያ፣ ይረፉ እንጂ።»

«አይ ካፒቴን፣ ትንሽ ቀርታኛለች።»

«እሺ ውሃ እንኳ ይጠጡ።»

«እርስዎ ይጠጡ፣ ካፒቴን።»

«ግድ የለም፣ እርስዎ ይቅደሙ።»

እንዲህ እየተባባሉ ውሃው ለሻይ እስኪደርስ ይሞቃል።

አንድ ችግር ግን ነበረበት። ባሕር ያዞረዋል። ማሂንሂን የብስ ላይ በግንድ ተደግፋ ሳለች ምንም አልነበረም። ውሃ ላይ በወረደች ዕለት ግን በባንካ፣ በትንሿ ታንኳችን፣ ቀዝፈን ስናደርሰው ፊቱ የሙዝ ቅጠል መሰለ። ወሽመጡ እኮ ረግቶ ነበር፤ ዝንብ ብታርፍበት ክብ የሚሠራ ውሃ! እሱ ግን መወጣጫውን ይዞ፣ «ይቅርታ ካፒቴን» ብሎ፣ ወደ ባሕሩ ዘንበል ብሎ ዓሣዎቹን ቁርስ አበላቸው። ከዚያ አፉን ጠርጎ፣ «የቱ ጋ ነው ቫርኒሽ የሚቀባው?» አለ። በማግስቱም መጣ። በማግስቱም ዓሣዎቹ በሉ። ዓሣዎቹ ሰዓቱን ለምደው ይጠብቁት ጀመር።

አሊንግ ፑሪታ ይህን ሲሰሙ ገበያ መሐል ቆመው፣ «ልጄን መሬት ለሌላት ሴት አልድርም። የምትንሳፈፍ ሴት! ዛሬ እዚህ፣ ነገ ውሃው የወሰዳት ቦታ!» አሉ። ቲታ ሃቲ ሰማች። በዚያ ቀን ሸራ ስትሰፋ መርፌዋን ሁለት ጊዜ ሰበረች።

የቆርቆሮውን ነገር ልንገራችሁ፤ የእሷን ልብ ያወቅኩት በዚያ ነው። ባሕር ላይ የታሸገ ምግብ ወረቀቱ ተልጦ ነው የሚጫነው። እርጥበት ሲነካው ይረግፍና ወለሉ ሥር ያለውን ፓምፕ ይወትፋል፤ ፓምፕ ከተወተፈ ውሃው የሚወጣበት የለም። ስለዚህ ትልጪና ቆርቆሮው ላይ «ሰርዲን»፣ «በቆሎ»፣ «ኮክ» ብለሽ በቀለም ትጽፊያለሽ። ሥራው ለእኔ ተሰጠ። እኔም በትጋት ላጥኩ። ሁሉንም። መጻፉ ትዝ ያለኝ የመጨረሻውን ልጬ ወገቤን ሳቃና ነው።

ቲታ ሃቲ መጣችና የሚያብረቀርቀውን ክምር አየች።

«ዩሚ፣ ይሄ ምንድን ነው?»

«ቆርቆሮ።»

«ውስጡስ?»

«እሱን እግዚአብሔር ያውቃል።»

ልትገድለኝ ነበር። ኩያ ፑቶክ ግን አንዱን አነሳና ጆሮው ጋ አድርጎ ወዘወዘው፤ እንደ ሐኪም ዓይኑን ጨፈነ። «ካፒቴን፣ ይሄ ኮክ ነው።»

«እርግጠኛ ነዎት?»

«እንደ ስሜ።»

ከፈተችው። ሰርዲን። ኩያ ፑቶክ ሰርዲኑን አየ፣ እሷን አየ፤ ማንኪያ አንስቶ አንዱን ዓሣ በክብር አፉ ውስጥ ከተተና፣ «በጣም የበሰለ ኮክ ነው» አለ።

ቲታ ሃቲ ሳቀች። እኔ ሳቋን አውቀዋለሁ፤ አጭር ነው፣ እንደ ማስነጠስ ነው። ይሄኛው ግን አላቆም ብሎ ወለሉ ላይ አስቀመጣት። ቀና ስትል ዓይኗ እሱ ላይ ነበር፤ ከዚያም እንደ ተቃጠለ ሰው ዓይኗን ነጥቃ ወሰደችው። «እግዚአብሔር ይስጥልኝ፣ ኩያ» አለችና ወደ ውስጥ ገባች። እሱ ባዶውን ቆርቆሮ እንደያዘ ቀረ። ዘይቱ በክርኑ ሲወርድ እንኳ አላየውም።

እኔ ታዲያ ዝም ብዬ አያለሁ? አላይም። ነፋሱ ሊጸና ነው፤ እሷ ልትሄድ ነው፤ እሱ አይናገርም፤ እሷም ያንን «ኩያ» ከአፏ አታወጣም። ኩያ ማለት ታላቅ ወንድም ማለት ነው። ለሹፌር ትያለሽ፣ ለዓሣ ሻጭ ትያለሽ፣ መንገድ ለምትጠይቂው ለማታውቂው ሰው ትያለሽ። ለምትወጂው ሰው ግን! እና በባሕሩ ዳር ያዝኩት።

«ኩያ ፑቶክ፣ አትድከም።»

«ለምን?»

«ኩያ እያለችህ እኮ ነው። ሴት የምትወደውን ወንድ ኩያ አትልም። ኩያ ከተባልክ በሩ ተዘግቷል፣ ተቀርቅሯል፣ ቁልፉም ባሕር ገብቷል።»

እንዲህ ያልኩት በብልሃት ነው። ወንድ ልጅ ሲናደድ አፉ ይከፈታል ብዬ ነው። ኩያ ፑቶክ ግን ሲናደድ ዳቦ የሚጋግር ዓይነት ሰው ሆኖ ተገኘ።

«ሁልጊዜ ነው እንዴ ኩያ የምትለኝ?» አለኝ ቀስ ብሎ።

«ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ።»

«ስሜን ጠርታ አታውቅም?»

«አንድም ቀን።»

እጁ ላይ ያለውን የብርጭቆ ወረቀት አየው። ጥርሱ ሁሉ አልቆ ለስልሶ ነበር። አራት ላይ አጥፎ እንደ መሐረብ ኪሱ ከተተው፤ የኪሱንም ቁልፍ ዘጋ።

በማግስቱ አልመጣም። በሳልስቱም አልመጣም። ዓሣዎቹ ጠብቀው ጠብቀው ሄዱ።

ቲታ ሃቲ ገመድ ታስራለች፣ የታሰረውን ትፈታለች፣ መልሳ ታስራለች። «ዳቦ አልመጣም?» አለች ወደ እኔ ሳታይ።

«አልመጣም።»

«ታሞ ይሆን?»

እዚህ ጋ ደግሞ ሌላ ብልሃት መጣልኝ፤ ቅናት። «እኔ እንጃ። አሊንግ ፑሪታ ቤት ከካላፓን ከተማ አንዲት ቆንጆ መጥታለች ይባላል። ጫማዋ ተረከዝ አለው። እሱ ዳቦ ቤቱን ሲያስጎበኛት አይቻለሁ።» አይቻለሁ ስል እውነቴን ነው። ያየሁትን ነው የተናገርኩት፤ ምን እንደሆነ አልጠየቅኩም እንጂ።

«ጥሩ ነው» አለች ቲታ ሃቲ። ገመዷን ፈታችና ደግማ «ጥሩ ነው» አለች። ሁለት ጊዜ ጥሩ ነው ያለ ሰው ጥሩ አይደለም።

ከዚያ ምሰሶ መውጫውን ባለ መቀመጫ ቀበቶ ታጥቃ፣ «ምሰሶው ላይ አውጪኝ፣ አናቱን ልፈትሽ» አለችኝ። እኔ የገመድ መጠቅለያውን አዞርኩ፤ እሷ ወደ ላይ ወጣች። ክንዴ እስኪዝል እዚያው ተንጠልጥላ ቆየች።

«ምን እያየሽ ነው?» ብዬ ጮህኩ።

«የምሰሶውን አናት!»

የምሰሶው አናት ከአፍንጫዋ ሥር ነው። እሷ ግን ፊቷን ወደ መንደሩ አዙራለች። ከዚያ ከፍታ ጣሪያ ሁሉ አንድ ዓይነት ነው፤ ጭሱ ብቻ ነው የሚለየው፤ ጠዋት ጠዋት የሚጨሰው ደግሞ የማን ጭስ ማውጫ እንደሆነ ሕፃን ያውቀዋል። ስትወርድ ዓይኗ ቀልቶ ነበር። «ነፋሱ ነው» አለች። በዚያ ቀን ነፋስ አልነበረም።

ነፋሱ በነገታው መጣ። አሚሃን ሲጸና ይታወቃል፤ የኮኮናት ዛፎቹ ሁሉ ወደ አንድ ወገን ጎንበስ ብለው እንደ ቤተ ክርስቲያን ሰው ይቆማሉ። ቲታ ሃቲ እናቴን ሳመች፣ እኔን ሳመች፣ ድመቷን ልትስም ዳቦ ቤት መሄድ ነበረባትና ተወችው። ለእኔ የእጅ ሬዲዮ ሰጠችኝ፤ ከዓይን እስክትሰወር እንድናወራ።

«ስትናገሪ ቁልፉን ተጫኚ፣ ስትሰሚ ልቀቂ፣ ስትጨርሺ ኦቨር በይ። ወሬ ደግሞ አይበዛም።»

ወሬ የማይበዛበት ምክንያት ማንግ ቤሮንግ ናቸው። ማንግ ቤሮንግ ሽማግሌ ዓሣ አጥማጅ ናቸው፤ ጉልበታቸው ከደከመ ወዲህ ወሽመጡ ጫፍ ላይ ባለችው ጎጇቸው ቁጭ ብለው ሬዲዮውን ይጠብቃሉ። መስመር አሥራ ስድስት የጭንቅ መጥሪያ ነው። ወሽመጡ ላይ ያለ ባለ ሬዲዮ ሁሉ እሱን ነው የሚያዳምጠው፤ ሌላ ነገር ያወራበትን ማንግ ቤሮንግ በሕይወት አይለቁትም። እኔን አንድ ጊዜ ሙዝ ሳዝበት ይዘውኛል።

ማሂንሂን መልሕቋን አነሳች። ሸራዋ አንዴ ተርገበገበና ሆዱን ነፋ። እኔ አሸዋው ላይ ቆሜ እጄን ሳወዛውዝ ከኋላዬ የሩጫ ድምፅ ሰማሁ። ኩያ ፑቶክ ነው። ከራሱ የሚበልጥ ጆንያ ተሸክሟል።

«ሄደች?» አለ። ጀልባዋን እያየ ነው የሚጠይቀኝ።

«ምንድን ነው ጆንያው?»

«ደረቅ ዳቦ። ሁለት ጊዜ የተጋገረ። ባሕር ላይ የማይሻግት ምን ዓይነት እንደሆነ ስሞክር ሰነበትኩ። ዛሬ ሌሊት ነው የተሳካልኝ።»

እንግዲህ ለዚህ ነው የጠፋው! እኔ አኩርፏል ብዬ። ማኩረፉንስ አኩርፏል፤ እያኮረፈ ነው የጋገረላት። ሬዲዮውን አፉ ላይ ደገንኩለት። «ተናገር! አሁን ካልተናገርክ ዳቦውን ለዓሣ ነው የምትሰጠው!»

ሬዲዮውን በሁለት እጁ ያዘ። ዓይኑን ጨፈነ፤ ቆርቆሮውን ሲያዳምጥ እንዳደረገው። ከዚያ እንዲህ አለ፤

«ካፒቴን ሃቲ፣ እኔ ንግግር አላውቅም። የማውቀው ሊጥ ነው። ሊጥ ሲነሳ አይታይም። ቁጭ ብለሽ ብታፈጪበት አይንቀሳቀስም፤ ዞር ብለሽ ስትመለሺ ግን እጥፍ ሆኖ ታገኚዋለሽ። እኔ ጀልባሽን ልፍቅ ነው የመጣሁት። ዞር ብዬ ልቤን ሳየው ከዕቃው ሞልቶ ፈሷል። ጀልባሽን ያለሰለስኩት በፍጥነት እንድትሄጂ ነው፤ ስትሄጂ የሚሻክረው እኔ እንደሆንኩ አላሰብኩም። አትቅሪ አልልሽም። አንቺን ቅሪ ማለት ነፋሱን ቅር እንደማለት ነው። ግን ሳታውቂ አትሂጂ።»

አለቀስኩ። እኔ ዩሚ! አንቺ እያለ፣ ካፒቴን እያለ፣ ሊጥ እያለ! እንባዬን ጠርጌ መልሷን ጠበቅኩ።

ሬዲዮው ዝም። ማሂንሂን ወደ ወሽመጡ አፍ ትሄዳለች። ዝም።

ያኔ ጣቱን አየሁት። የያዘው አንቴናውን ነው።

«ቁልፉን አልተጫንክም!»

«የቱን ቁልፍ?»

«ይሄን! በል እንደገና በለው! ያንኑ!»

ቁልፉን ተጫነ። ጣቱ ነጭ እስኪሆን ተጫነ። ፊቱ ግን ባዶ ሆነ፤ ያ ሁሉ ሊጥ ተንፍሷል። «ካፒቴን» አለ። «ዳቦ አለ። ኦቨር።»

ሬዲዮው ተንጫጫና ድምፅዋ መጣ፤ ከሩቅ፣ እንደ ደረቅ ቅጠል። «ሰማሁ፣ ኩያ። እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ዳቦውን ለሠርግዎ ያድርጉት። ኦቨር።»

«ለየቱ ሠርግ? ኦቨር።»

«ተረከዝ ላላት ልጅ። ኦቨር።»

«እሷ እኮ የሊጥ ማሽን ሻጭ ናት! ኦቨር!»

አንድ የማናውቀው ወፍራም ድምፅ ከመሐል ገባ። «ይቅርታ፣ ማሽኑ ጥሩ ነው? ኦቨር።»

ማንግ ቤሮንግ ፈነዱ። «ይህ መስመር የጭንቅ ነው! የጭንቅ! ዳቦ ቤት አይደለም! ኦቨር!»

ኩያ ፑቶክ ሬዲዮውን ወደ እኔ መለሰና፣ «ኩያ ነው ያለችኝ፣ ዩሚ፤ ሰማሽ አይደል?» አለ። ጆንያውን ወደ ትከሻው ሊያነሳ ጎንበስ አለ። ጀርባውን አየሁት። ማንግ ቤሮንግ ይግደሉኝ ብዬ ቁልፉን ተጫንኩ።

«ቲታ! ለምንድን ነው ይሄን ሰው ኩያ የምትይው? ወንድምሽ ነው? ሹፌርሽ ነው? ሰውየው ኩያ ስላልሽው ነው የቀረው! ኦቨር!»

«ታዲያ ምን ልበለው?» አለች ቲታ ሃቲ። አሁን ድምፅዋ ደረቅ ቅጠል አልነበረም፤ እሳት ነበር። «ሁላችሁም ያንን ስም ነው የምትጠሩት! ምን ልበል? ወሽመጥ ሙሉ ሰው እየሰማ የብብት ሽታ ሆይ ልበል? ዳቦ ይዞልኝ የሚመጣን ሰው? በዚያ ስም አልጠራውም፤ አፌ እንቢ ይለኛል። ሌላ ስም ደግሞ የነገረኝ የለም። ሌላ ስም ጠይቄ፣ 'ለምን ፈለግሽው?' ብባልስ? ስለዚህ ኩያ አልኩት። ኩያ ባልኩ ቁጥር ሌላ የማላውቀው ስም ነበር ከምላሴ ሥር የሚቀመጠው። ኦቨር።»

ኩያ ፑቶክ ጎንበስ እንዳለ ቀርቷል። ሬዲዮውን ሰጠሁት። ቁልፉ ላይ ጣቱን ራሴ አስቀመጥኩለት።

«ኒካኖር» አለ። «የክርስትና ስሜ ኒካኖር ነው። ኦቨር።»

በሬዲዮው ውስጥ የሸራው ድምፅ ይሰማል፤ ቁልፉን ተጭናለች ማለት ነው።

«ኒካኖር» አለች።

ይሄን እንዴት ብዬ እንደምጽፈው አላውቅም። ስሙን ብቻ ነው ያለችው። እሱ ግን መንገድ ጠፍቶበት ቆይቶ የቤቱን መብራት እንዳየ ሰው ሆነ። ሬዲዮውን ደረቱ ላይ ለጠፈው።

«ኒካኖር፣ አልጋዬን ሰጥቻለሁ» አለች። «ሞተሬን፣ መስታወቴን፣ ድመቴን። ሁሉን ለሰው ሰጥቼ ጀልባዋ ቀለለች ብዬ ነበር። አንድ ነገር ብቻ የምሰጠው ሰው አጣሁለት። ማለዳ ያንተን ሽህህ ሽህህ እስክሰማ ዓይኔን ጨፍኜ የምጠብቃትን ጊዜ። እሷን ለማን ልስጣት? ይዣት ነው የምሄደው። በዚያ ላይ ቆርቆሮዎቹ አሉ። ሁሉም አንድ ዓይነት ናቸው። ብቻዬን ስከፍታቸው ሰርዲኑ ሰርዲን ብቻ ነው የሚሆነው። ኦቨር።»

«እኔ... ባሕር ያዞረኛል። ኦቨር» አለ ኒካኖር። ከዚህ ወዲህ ኒካኖር ነው የምለው፤ የቲታ ሃቲ ትእዛዝ ነው።

«አውቃለሁ። አይቻለሁ። ወሽመጡ በሙሉ አይቷል። ባልዲ አለኝ። ና።»

ኦቨር አላለችም።

እና ማሂንሂን ዞረች! ሸራዋን ነፋሱ ላይ አንቀጥቅጣ፣ አፍንጫዋን ወደ እኛ መለሰች። ኒካኖር ጆንያውን ባንካው ውስጥ ወረወረ፣ እኔ መቅዘፊያውን ያዝኩ፤ ገና ጉልበታችን ድረስ ውሃ ውስጥ ሳለን፣ «አንተ!» የሚል ጩኸት ከኋላ መጣ።

አሊንግ ፑሪታ ናቸው። ሽርጣቸውን እንደታጠቁ፣ ዱቄት እያራገፉ። የዓሣ ገበያው ሬዲዮ አለው፤ ሁሉን ሰምተዋል። ወሬውን ሰምቶ የተሰበሰበው ሰው መንገድ ለቀቀላቸው። እኔም መቅዘፊያውን ለመከላከያ አነሳሁ።

«የት ነው?» አሉ።

«እስከሚቀጥለው ወሽመጥ፣ እናቴ። ከቻልኩ ደግሞ እስከ ቀጣዩ» አለ ኒካኖር። እግሩን ከውሃው አላወጣም።

አሊንግ ፑሪታ ጀልባዋን አዩ። ልጃቸውን አዩ። ከሽርጣቸው ኪስ አንድ ጭብጥ ዝንጅብልና በወረቀት የተጠቀለለ ትኩስ ዳቦ አወጡ።

«እንካ። ባዶ ሆድህን አትሂድ፤ የምታስመልሰው ነገር ያስፈልግሃል። ለሴትዮዋም ንገራት፤ ኒካኖር ብዬ ያወጣሁት እኔ ነኝ። አሳምራ ትጥራው።» ከዚያ ፊታቸውን በሽርጣቸው ሸፈኑ። ዱቄት ዓይናቸው ገብቶ ነው አሉ። በእኛ መንደር ያን ቀን ነፋሱም ዱቄቱም ብዙ ሰው ዓይን ውስጥ ገባ።

ቀዝፌ አደረስኩት። ቲታ ሃቲ እጇን ዘረጋች፤ እሱ ያዘው። መወጣጫው ላይ እንዳለ ፊቱ የሙዝ ቅጠል ሆነ። «ይቅርታ፣ ካፒ...» አለ።

«ሃቲ» አለችው። ባልዲውን በአንድ እጇ፣ ግንባሩን በሌላ እጇ ያዘች። ብዙ የፍቅር ዓይን አይቻለሁ። ባልዲ ላይ ያጎነበሰን ሰው እንዲያ አድርጎ የሚያይ ዓይን ግን አላየሁም። እነሱን ትቼ ወደ ዳር ስመለስ ሁለቱም ወደ እኔ አላዩም። ደስ አለኝ፤ ትንሽ ደግሞ ከፋኝ።

ማሂንሂን የወሽመጡን አፍ ስታልፍ ታዲያ ሬዲዮውን አነሳሁ። ዝም ማለት አይቻልማ!

«ማሂንሂን፣ ማሂንሂን፣ እዚህ ዩሚ ናት! ሁሉም ሰው ይስማ፤ ይህን ጋብቻ ያገጣጠምኩት እኔ ነኝ! ቆርቆሮውን ባልልጥ ኖሮ ማን ይስቅ ነበር? ኩያ የሚለውን ምስጢር ማን ፈታው? ሬዲዮውን ማን ሰጠው? ቁልፉ ላይ ጣቱን ማን አስቀመጠለት? ነርሷም ታውቃለች፣ ሹፌሩም ያውቃል፤ በዚህ ወሽመጥ ዓይን የሚያነብ ሰው አንድ ነው። የመጀመሪያዋ ሴት ልጅ ዩሚ ነው የምትባለው። ሁለተኛዋም ብትባል አይከፋኝም። የልብ ችግር ያለበት ሰው እናቴ ቤት ከምሳ በኋላ ይምጣ...»

ጣቴ ዛለና ቁልፉን ለቀቅኩት።

«ልጅት» አሉ ማንግ ቤሮንግ። «ይህ መስመር ለተጨነቀ ሰው ነው አላልኩሽም? ኦቨር።»

«የተጨነቀ ሰው አለ እንዴ፣ ማንግ ቤሮንግ? ኦቨር።»

«አለ። አንቺን የምንሰማው ሁላችንም። ጣትሽን ከቁልፉ ላይ አንሺ።»